የኋላ ኋላ

ነጭ ናት መኪናዋ፣ ጎኗ የተላጠ፤
አከራያችን ቁልፉን በእጁ እንደ ጨበጠ
«ወዴት ናችሁ?» ሲለኝ፣ «ቱሼቲ» ብዬ ሽቅብ ጠቆምሁ፤
ራሱን ሲነቀንቅ እንዳላየ ሆንሁ።
ገብቶ ተመለሰ፣ ትርፍ ጎማ ጨመረ፤
ትንሽ አሰበና ዋጋም ጨማመረ።

ከዚያ ወዲህ፣ በካውካሰስ መንገድ የሚሉት ነገር
ዞሮ ሲጠመዘዝ፣ ተጠምዝዞ ሲዞር፣
ስንቅ የሸመትንበት ባለ ቀይ ጣሪያው መንደር
አንዴ በግራ በኩል፣ አንዴ በቀኝ ታየን፤
በካርታ ሁለት ጣት ነው፤ አምስት ሰዓት ቆየን።

ውዳላት አጠገቤ መታጠፊያ ትቆጥራለች፤
ከትናንት ማታ ወዲህ ሌላ ቃል አልወጣት፣ «ሠላሳ ስምንት» አለች።
ጠባችን ስለ ምን ነው? ስለ ወንድሟ ብድር?
«መሪውን አንድ ቀን እንኳ ለእኔ ስጠኝ» ማለቷስ ነበር?
ከሆቴሉ ደረጃ ጀምረን ፎቅ ላይ ያደረስነው ነገር
እንደ ሦስተኛ መንገደኛ፣ ከኋላ፣ ከትርፍ ጎማው ጎን፣
ቀበቶውን አስሮ ነበር።

በየጥጉ ድንጋይ ቆሟል፣ ድንጋዩ ላይ ፎቶ፤
ገደል የበላው ሹፌር፣ ጢሙን ተላጭቶ፣
ከሥሩ ጠርሙስ አለ፣ ብርጭቆ ተደፍቶ።
አላፊ ሹፌር ሁሉ ወርዶ ለሟች ይቀዳል፣
ሁለት ቃል ያወራዋል፣
ከዚያ ሞተሩን አስነሥቶ ዳገቱን ይወጣል።

ሃምሳ ሰባተኛው ላይ፣ ጉሙ ከሥር ሲፈላ፣
ካሚዮን ብቅ አለ፣ በግ እስከ አፉ የሞላ።
ጥሩምባ አላሰማም። ቆመ። ቆምን።
አንድ መንገድ ነበር። ሁለት ነበርን።
የተጫነ ያልፋል፣ ባዶ ይመለሳል፤
ይህን ሕግ ማንም ሳይነግረን ገደሉ ነገረን።
ባዶዎቹ እኛ ነን።

የኋላ ማርሽ ገባ። እግሬ ግን አልታዘዝ አለ፣
ፍሬኑ ላይ ተጣብቆ፣ እንደ ተንጠለጠለ።
«ማቅቫላ!» ሲል ሰማሁ ሹፌሩ፤ ከጎኑ አንዲት አሮጊት ወረደች፣
የወንድ ጃኬት የደረበች፣ ቦቲ ጫማ ያደረገች፤
በእኛና በአለቱ መሀል ሾልካ ከኋላችን ቆመች።

በመስታወቱ ውስጥ መዳፏ ብቻ ነው የሚታየኝ፤
«ሞዲ፣ ሞዲ» ትላለች፤ ቋንቋው የት ሊገባኝ?
ስንጥቅጥቅ መዳፍ ነው፣ የበግ ቅባት የጠጣ።
ሲከፈት እሄዳለሁ፣ ሲጨበጥ እቆማለሁ፤
ዕድሜዬን ሙሉ በመዳፍ አንባቢ የሳቅሁ
እዚያ ገደል አፍ ላይ መዳፍ አንባቢ ሆንሁ።

ያኔ የጎን በሩ ተከፈተ። ውዳላት ሳትነግረኝ ወረደች፤
በጎማውና በገደሉ መሀል፣ ስንዝር በማትሞላ መሬት ቆመች።
«ወደ አለቱ። ትንሽ። በቃ። አሁን ቀጥ በል» አለች።
ቁጥሩንም ቀጠለች፣ ግን ወደ ኋላ፦
ሃምሳ ስድስት።
ሃምሳ አምስት።
ነገር እንዲህ ቢፈታ፣ እንዲህ ክር በክር፣
እስከዚያች ደረጃ ድረስ በተመለስን ነበር።

የኋላ ኋላ ሰፋ ያለ ጥግ ደረስን፤ ድንጋይ፣ ጠርሙስና ፎቶ።
ካሚዮኑ አለፈ፣ መስታወታችንን ለጥቂት ስቶ፤
በጎቹ ቁልቁል አዩን።
ማቅቫላ ፎቶውን በእጅጌዋ ጠረገች፤
የካሚዮኑ ሹፌር አፍንጫ ነው፣ ያው ቅንድብ። አየሁ።
አላስረዳችም። አልጠየቅሁ።
አንድ ለድንጋዩ ቀዳች፣ አንድ ለውዳላት፤
ለእኔ ስትደርስ ጠርሙሱን ከደነች፣
በባዶ እጇ አየር ላይ መሪ አሽከረከረች።
ውዳላት ሳቀች። ብርጭቆዋን ሳትቀምሰው አቀበለችኝ፣
ቁልፉን ከኪሴ ወሰደችብኝ።

አሁን እርሷ ትነዳለች። እኔ እቆጥራለሁ።
መቁጠር እንዲህ ከባድ ነው? ከአሥራ አንድ በኋላ ተሳሳትሁ፤
ወይ አሥራ ሦስት ነው፣ ወይ አንዱን ሁለቴ ዞርነው።
«ስንት ደረስን?» ትለኛለች።
ዞሬ የኋላውን ወንበር አየሁ፤
ትርፍ ጎማው ብቻ ነው ያለው።